«እንደ አዲስ»፦ ስለ አሮጌ መጋዝና ስለ ጥገና እውነት

በለንደን የሚኖር አንድ ሰው ይታሰብ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢሮ ይውላል፤ ቅዳሜ ማለዳ ግን ሰዎች ያረጀ ዕቃቸውን ከመኪናቸው ኮፈን እያወረዱ በሚሸጡበት ገበያ ይዞራል። አንድ ቀን ከተሰባበሩ መብራቶችና ከዛጉ ቁልፎች መሃል ያረጀ የሞተር መጋዝ ያገኛል። ቀለሙ ተልጧል፣ ሰንሰለቱ ዝጓል፣ የጥንት ዘይት ከእንጨት ብናኝ ጋር ተጋግሮበታል። ሻጩ «አይነሳም» ይለዋል። በጥቂት ፓውንድ ገዝቶት ይሄዳል። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የሚቆርጠው ዛፍ ቀርቶ የሚያጠጣው አበባ እንኳ ከመስኮቱ ደፍ አያልፍም።

ታዲያ ለምን ይገዛዋል? እንዲህ ያለ ሰው በእንግሊዝ አገር ብርቅ አይደለም፤ አሮጌ ሞተር ፈትቶ መግጠም ለብዙዎች የዕረፍት ቀን ደስታ ነው። ደስታው ደግሞ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ቀኑን ሙሉ በማይጨበጥ ሥራ የሚያሳልፍ ሰው አንዱን ቡሎን ሲፈታ፣ አንዱን ዕቃ በቤንዚን አጥቦ ጨርቅ ላይ ሲደረድር፣ ነገሩ ለምን እንደቆመ በዐይኑ ያያል። ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችው ስስ የጎማ ሽፋን በዕድሜ ደርቃለች። የነዳጅ ቱቦው ተሰነጣጥቋል። ከመስከረም 2021 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በብሪታንያ የተለመደው ቤንዚን እስከ አሥር በመቶ ኤታኖል እንዲኖረው ተደርጓል፤ ኤታኖል ደግሞ የድሮ ጎማ አይወድም። ካንዴላው ጠቁሯል። ፒስተኑ ካልተቧጨረና ፋሻው ካልተሰበረ መጋዙ የመዳን ተስፋ አለው። ከቤንዚኑ ጋር የሚደባለቀው ዘይት ለዚያ ዘመን ሞተር በሚስማማው መጠን ተለክቶ ከተጨመረ፣ ገመዱ ደጋግሞ ከተሳበ፣ አንድ ቀን ሞተሩ ያስነጥሳል፤ ቀጥሎም ይጮኻል። ያን ጩኸት የሰማ ሰው «ነፍስ ዘራበት» ቢል ማንም አይፈርድበትም።

መሣሪያው ራሱም ታሪክ አለው። የሰንሰለት መጋዝ ጥንተ አመጣጡ ከጫካ ሳይሆን ከሐኪም ቤት ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጆን ኤይትከንና ጄምስ ጄፍሬ የተባሉ ሁለት የስኮትላንድ ሐኪሞች አጥንት ለመቁረጥ በእጅ የሚሳብ ጥርሳም ሰንሰለት ሠርተው ነበር። በጀርመን አንድሪያስ ሽቲል በ1926 በኤሌክትሪክ፣ በ1929 ደግሞ በቤንዚን የሚሠራ መጋዝ ለእንጨት ቆራጮች አቀረበ። እንግሊዞችም በግሎስተርሻየሯ ስትራውድ ከተማ ዳናርም የሚባለውን መጋዝ ይሠሩ ነበር። አሜሪካዊው እንጨት ቆራጭ ጆሴፍ ኮክስ በ1946 አንድ የጥንዚዛ እጭ ጉቶ ውስጥ ግራና ቀኝ እየበላች ስትሄድ አይቶ፣ የእጯን መንጋጋ አስመስሎ ጥርስ ሠራ፤ የዛሬዎቹ ሰንሰለቶች የዚያ ጥርስ ልጆች ናቸው። እንግዲህ አሮጌ መጋዝ ሲጠገን የሚነሳው ብረት ብቻ አይደለም። የብዙ ሰዎች ማየትና ማሰብ አብሮ ይነሳል።

ፈላስፎች ከእንዲህ ያለ ጥገና ጋር የሚያያይዙት አንድ የታወቀ እንቆቅልሽ አላቸው። ፕሉታርክ የቴሴየስን መርከብ ነገር ተርኳል፤ የአቴና ሰዎች የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ አዲስ ሲተኩበት፣ ያው መርከብ ነው ወይስ ሌላ? እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ በ1655 ባሳተመው መጽሐፍ እንቆቅልሹን አከረረው፤ አንድ ሰው የተጣሉትን ሳንቃዎች ሰብስቦ እንደነበሩ ቢገጥማቸው፣ ከሁለቱ መርከቦች እውነተኛው የትኛው ነው? አዲስ ካርቡሬተር፣ አዲስ ሰንሰለት፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ለተገጠመለት መጋዝም ጥያቄው ይሠራል። ነገር ግን ጥያቄው የማንነት እንጂ የምግባር አይደለም። መርከቡ ያው ሆነም ሌላ፣ የሚጎዳ ሰው የለም። የመጋዙ እውነተኛ ጥያቄ ሌላ ቦታ አለ።

ያ ቦታ ፍሬኑ ነው። የመጋዙ ምላስ ጫፍ፣ በተለይ የላይኛው ክፍሉ፣ እንጨት ሲነካ ሰንሰለቱ ይነክስና መጋዙን ወደ ላይ፣ ወደ ያዘው ሰው ፊት ይወረውረዋል። ይህ የሚሆነው ዐይን ጨፍኖ ለመግለጥ በማይበቃ ጊዜ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ትልልቆቹ አምራቾች ይህን የሚገታ የሰንሰለት ፍሬን ይዘው መጡ። ከዚያ በፊት የተሠሩት መጋዞች የላቸውም። ብዙዎቹ የእጅ ንዝረት የሚያበርድ ጎማም የላቸውም፤ በእነሱ ለዓመታት የሠሩ ሰዎች ጣታቸው እየነጣና እየደነዘዘ ቀርቷል። ስለዚህ አሮጌውን መጋዝ «እንደነበረው» መመለስ ማለት ውበቱን መመለስ ብቻ አይደለም፤ አደጋውንም መመለስ ነው። ተሰብሮ መደርደሪያ ላይ ሳለ ማንንም አይጎዳም ነበር። የሰውየው ሙያ ባማረ ቁጥር አደጋው ይበረታል።

እዚህ ላይ ሁለት ታማኝነቶች ይጋጫሉ። አንዱ ለዕቃው ታማኝ መሆን ነው፤ የሠሪውን ሐሳብ ማክበር፣ የራስን ነገር አለመጨመር። ሌላው መጋዙን ወደፊት ለሚይዘው እጅ ታማኝ መሆን ነው። አሮጌ ዕቃ የሚወዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ያስቀድማሉ፤ ከፋብሪካ የወጣበት ቀለም፣ የዘመኑ ቡሎን፣ የዘመኑ ጽሑፍ። ለንደን ለዚህ ክርክር አዲስ አይደለችም። በ1849 የለንደን ተወላጁ ጆን ረስኪን ስለ ሥነ ሕንፃ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የጥንት ሕንፃን እንደነበረ እመልሳለሁ ማለት ውሸት ነው ብሎ ተከራክሯል። በ1877 ዊልያም ሞሪስ እዚያው ለንደን ውስጥ ጥንታዊ ሕንፃዎችን የሚጠብቅ ማኅበር ሲያቋቁም፣ የእሱም ክስ ተመሳሳይ ነበር። አዳሾቹ ያልወደዱትን የዘመን አሻራ ፍቀው፣ በግምታቸው ይተኩታል፤ ያልነበረውን ነበረ ያሰኛሉ። እሱ የመከረው በየዕለቱ መንከባከብን ነበር፤ ውሃ የሚያስገባውን መድፈን፣ ያዘመመውን መደገፍ፣ ድጋፉም ድጋፍ መሆኑ እንዲታይ መተው።

አማርኛ ይህን ልዩነት በሁለት ግሦች ይዞታል። «አደሰ» ከ«ሐዲስ» የመጣ ነው፤ አዲስ ማድረግ ነው። «ጠገነ» ግን አዲስ አያደርግም። ወጌሻ የተሰበረ አጥንት ሲጠግን ሌላ አጥንት አይሰጥም፤ ቦታውን ይመልሳል፣ በቀርከሃ ያስራል፣ ይጠብቃል። አጥንቱ ሲገጥም ስብራቱ የነበረበት ቦታ ቋጥሮ ሊቀር ይችላል፤ ሰውየውም በብርድ ቀን ያ ቦታ ያስታውሰዋል። የታደሰ ነገር ያለፈውን እንድንረሳለት ይጠይቃል፤ የተጠገነ ነገር ግን ያለፈበትን ይዞ ይኖራል። የአሮጌ ዕቃ ሻጮች የሚወዷት «እንደ አዲስ ነው» የምትል ቃል የመጀመሪያውን ወገን ትይዛለች፤ በዚህች ቃል ውስጥ ደግሞ ውሸቱ ያለው «እንደ» ላይ ነው።

በመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ያለ ረስኪን ያውቁታል። ቆራሌው ከየመንደሩ የሰበሰበው ቆርቆሮና ብረት እዚያ ይደርሳል፤ በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፣ የመኪና ጎማው በረባሶ ይሆናል። ምድጃው በርሜል እንደነበረ አይደብቅም፤ አንዳንዴ የዘይት ኩባንያው ስም ከጎኑ ይነበባል። የገዛውም ሰው ምን እንደገዛ ያውቃል። እርግጥ ነው፣ ምናለሽ ተራን የሚያሠራው ችግር ነው፤ የለንደኑን ሰው የሚያሠራው ትርፍ ጊዜ ነው። ልዩነቱን ማለስለስ አይገባም። ልዩነቱ ግን ለለንደኑ ሰው ዕዳ ይጨምርበታል እንጂ አይቀንስለትም። የቸገረው ሰው «ሌላ ምን ላድርግ?» ማለት ይችላል። ለደስታው የሚሠራ ሰው ይህን ማለት አይችልም፤ ለእሱ መተውም ሁልጊዜ የተከፈተ በር ነው።

አንድ ተቃውሞ ይነሳል። የሚገዛው ሰው አዋቂ ነው፤ አሮጌ መጋዝ አሮጌ መሆኑን ያያል፤ አደጋውን ራሱ ይመዝን። ተቃውሞው ባዶ አይደለም፤ ሰውን እንደ ሕፃን መቁጠርም ክብሩን መንካት ነው። ነገር ግን መመዘን የሚችለው የሚያውቅ ነው። አደጋውን የሚያውቀው የፈታውና የገጠመው ሰው ነው፤ ገዢው የሚያየው አዲሱን ቀለም ነው። ቀለሙ ደግሞ የተቀባው እንዲያሳምን ነው። በዝገቱ ጊዜ መጋዙ ራሱ «ተጠንቀቅ» ይል ነበር፤ ያን ምልክት ያጠፋው አዳሹ ነው። ስለዚህ የጠፋውን ማስጠንቀቂያ በቃሉ የመመለስ ግዴታ የእሱ ነው። ፍሬን የሌለው መጋዝ ፍሬን የለውም ማለት፣ አለመቁረጫ ሆኖ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ከፈለገም ሰንሰለቱን አውጥቶ መስጠት፣ ለማያውቅ ሰው አለመሸጥ። ይህ ለዕቃው ክህደት አይሆንም። መሣሪያ ከመጀመሪያው ለእጅ የተሠራ ነው፤ እጁን የሚረሳ ታማኝነት ለመሣሪያው ታማኝ አይደለም።

ከእጁ ወዲያ ደግሞ ዛፉ አለ። በሚያዝያ 2025 በሰሜን ለንደን፣ ኤንፊልድ ውስጥ በሚገኘው ዋይትዌብስ ፓርክ ዳር፣ ዕድሜው እስከ 500 ዓመት የሚገመት የኦክ ዛፍ በሞተር መጋዝ ተቆረጠ። ቦታውን የተከራየው ምግብ ቤት ባለቤቶች ዛፉ ለሰው ያሰጋል ተብለን ነው አሉ፤ የአካባቢው ምክር ቤት ግን ዛፉ ሕያው እንደነበረና የጸደይ ቅጠል ማውጣት እንደጀመረ ገለጸ። ሰዎች ጉቶውን ለማየት ሄዱ፤ ያዘኑትም ያዘኑት ለእንጨቱ ብቻ አልነበረም። ምዕተ ዓመታት የፈጀውን ነገር በአንድ ማለዳ መጨረስ መቻሉ አስደነገጣቸው። መጥረቢያ ሰውን ያደክመዋል፤ ሲያደክመው እንዲያስብ ጊዜ ይሰጠዋል። መጋዙ የቀማው ያን ጊዜ ነው። «ከሰው መርጦ ለሹመት፣ ከእንጨት መርጦ ለታቦት» የሚለው የአባቶች ተረት መምረጥን እንጂ መቁረጥን አያወድስም፤ ምርጫ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። በጎንደርና በጎጃም አብያተ ክርስቲያናትን ከበው የቀሩት ደኖች የቆሙትም መሣሪያ ስለጠፋ አይደለም፤ ሰዎች እጃቸውን ስለሰበሰቡ ነው።

በዚያው ለንደን፣ በኪው የዕፅዋት ሥፍራ፣ የዚህ ተቃራኒ የሆነ ነገር ሆኗል። ጥቅምት 1987 ከ15ኛው ወደ 16ኛው ቀን በሚያሸጋግረው ሌሊት ደቡብ እንግሊዝን የመታው ማዕበል 15 ሚሊዮን ያህል ዛፎች ጣለ፤ ኪው ብቻውን 700 ያህል አጣ። ተርነር ኦክ የሚባለው፣ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የቆመ ዛፍ፣ ከነሥሩ ተነሥቶ ተመልሶ ተቀመጠ። ከማዕበሉ በፊትም ታሞ ነበር። ሠራተኞቹ የወደቁትን ለማንሳት ስለተጣደፉ ይህን በድጋፍ አቁመው ለኋላ ተዉት። ከሦስት ዓመት ያህል በኋላ ሲመለሱበት ከበፊቱ የተሻለ አድጎ አገኙት፤ የሰው እግር ለዓመታት የጠቀጠቀውን አፈር ማዕበሉ ሲያናውጠው ሥሩ መተንፈስ ጀምሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ የአትክልት ጠባቂዎቹ በሌሎች አሮጌ ዛፎች ሥር ያለውን አፈር ሆን ብለው ማለስለስ ያዙ። ያን ዛፍ ያዳነው፣ መጋዝ የያዘው ሰው ተራው ሳይደርስ መዘግየቱ ነው።

አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ሰው ይህን ታሪክ ቢሰማ መጋዙን ይጥለው ማለት አይደለም። ጥርሱን በሞረድ ይስል፤ ካርቡሬተሩን ይግጠም፤ ለጎረቤት ይቅርታ ጠይቆ ከግቢው ጓሮ ገመዱን ይሳብ፤ ሞተሩ ሲነሳም ይደሰት። ከዚያ ያጥፋው። ቀለሙን ከመቀባቱ በፊት ግን አንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ በሚነበብ ጽሑፍ «ፍሬን የለውም» ብሎ ይጻፍና ከእጀታው ላይ ይለጥፈው።