ስማቸውን ራሳቸው ይንገሯችሁ

በየሆስፒታሉ የሌሊት ተረኛ የምትሆኑ ነርሶች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ መድኃኒት ከመስጠታችሁ በፊት የታማሚውን ስም እናንተ ቀድማችሁ አትጥሩ። «አቶ ተስፋዬ ነዎት?» ስትሏቸው፣ ትኩሳት ያደከማቸው፣ ጆሯቸውም ደከም ያለ አባት «አዎ ልጄ» ይላሉ። ጋዋን ለለበሰ ሰው «አይደለሁም» ማለት የሚከብዳቸው ብዙ ናቸው። «አባባ፣ ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ» በሉና ከነአያታቸው ሰምታችሁ ከካርዱ ጋር አስተያዩ። በእኛ አገር በራስም በአባትም ስም የሚገጥሙ ሁለት ታማሚዎች አንድ ክፍል መተኛታቸው ብርቅ ስላልሆነ የካርድ ቁጥሩንም እዩ። የአልጋ ቁጥር አይታመንም፤ ሰው አልጋ ይቀያየራል። መናገር ላልቻለ አስታማሚው ይናገርለት።

ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ያላችሁ ደግሞ ሒሳቡን በቃል አትሥሩ። የተለመደው የጄንታማይሲን አምፑል በ2 ሚሊ ሊትር ውስጥ 80 ሚሊ ግራም ይይዛል። 3 ኪሎ ለሚመዝን አራስ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ከታዘዘ 15 ሚሊ ግራም ነው፤ ሲሪንጁ ላይ 0.375 ሚሊ ሊትር፣ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ነጥቧ አንድ ቤት ከተንሸራተተች አሥር እጥፍ ይሆናል፤ መድኃኒቱ ደግሞ ኩላሊትንና ጆሮን ይጎዳል። ለአንድ አራስ ሁለተኛ አምፑል ለመስበር እጃችሁን ከዘረጋችሁ እዚያው ቁሙ። ባልደረባችሁም የእናንተን መልስ ሳታይ ለብቻዋ ታስላ። «ይሄ ልክ ነው አይደል?» ብላችሁ ካሳያችኋት፣ በዚያ ጥድፊያ አዎ ከማለት በቀር ምን ትላለች?

ኢንሱሊንም ሁለት ሰው ይየው። ፖታሲየም ክሎራይድ ሳይበረዝ በቀጥታ ደም ሥር ከገባ ልብ ያቆማል፤ አምፑሉን ከሌሎቹ ጋር በአንድ ትሪ አታስቀምጡ።

የሐኪሙ ጽሕፈት ካልተነበበላችሁ ደውሉ፣ ቀስቅሱትም። ዩኒት ለማለት ከ10 ጎን የተለጠፈችው አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ዜሮ መስላ 100 ልትነበብ ትችላለች። ሐኪሞችም ሙሉውን ቃል ጻፉ፤ ተጠየቅን ብላችሁ አትቆጡ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ዓ.ም. በመድኃኒት አሰጣጥ የሚደርሰውን ከባድ ጉዳት በአምስት ዓመት በግማሽ ለመቀነስ ዘመቻ ሲጀምር፣ ድካምና የሰው እጥረት ለስህተት እንደሚዳርጉ ተናግሯል። ይህን የክፍል ኃላፊዎች ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። አንዲት ነርስ ተሳሳትኩ ብላ ስትመጣ መጀመሪያ ታማሚውን አብራችኋት እዩ፤ ወቀሳው ይቆይ።