ማንም በማያውቅህ ቦታ አንተ ማን ነህ?



የዛሬው የጁምዓ ማስታወሻችን ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ለገባችሁ ፍሬሽ ተማሪዎች ነው። "አንተ" ስል እህቴ ሆይ አንቺንም ማለቴ ነው። ልጅ የላካችሁ ወላጆችም ብታነቡት አይጎዳችሁም ኢንሻአላህ።

በመጀመሪያ አልሐምዱሊላህ በል። ያለፍክበት በር ጠባብ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ምናልባት አንተም በሪሚዲያል ዞረህ የገባህ ትሆናለህ። ያም ሆነ ይህ ዛሬ ከደሴ፣ ከጅማ ወይም ከሀላባ መጥተህ፣ ስማቸውን በቅጡ ካልያዝካቸው ልጆች ጋር ተደራራቢ አልጋ ላይ ትተኛለህ። ሰፈርህ ውስጥ የእከሌ ልጅ ነበርክ። እዚህ ግን የመታወቂያ ቁጥር ነህ።

ቤት እያለህ ለሱብሒ እናትህ ትቀሰቅስህ ነበር። ከማይሆን ቦታ ብትታይ ጎረቤት ለአባትህ ይነግራል። ብትቀር መምህርህ ይጠይቃል። እዚህ የሚቀሰቅስ የለም፣ የሚናገር የለም፣ የሚጠይቅም የለም። ይሄኔ አንድ ጥያቄ ይመጣል፤ ከጁምዓ በኋላ ተማሪዎች ደጋግመው ያነሱልኛል። "ኡስታዝ፣ ለካ የምሰግደው ለእናቴ ብዬ ነበር። አሁን ብተወው ቢያንስ ማስመሰሌን አቆምኩ ማለት አይደለም?"

ይህ ጥያቄ በቁጣ የሚመለስ አይደለም። ጠያቂው ለሐቅ የሚጨነቅ ልጅ ነው። ግን ሁለት ነገሮች ተደባልቀውበታል፤ መልካም ሥራ ከየት እንደመጣልህ አንድ ነገር ነው፣ ዛሬ የማን እንደሆነ ሌላ ነገር ነው። ቋንቋህን ተመልከት። አንተ አልፈጠርከውም፣ ከእናትህ አፍ ነው የወሰድከው። ታዲያ ዛሬ ስትናገር "ይህ የእናቴ ቃል ነው፣ እያስመሰልኩ ነው" ትላለህ? አትልም። የተቀበልከውን ስትጠቀምበት ያንተ ሆነ። ሶላትም፣ እውነት መናገርም፣ ዓይንን መስበርም እንዲሁ ነው። የቤት ኪራይህን እስከ ዛሬ አባትህ ይከፍልልህ እንደነበር ብታውቅ ቤቱን ለቀህ መንገድ ላይ አታድርም፤ ከዚህ ወር ጀምሮ ራስህ ትከፍላለህ። ኒያ የሚታደስ ነገር ነው። ሐቀኝነት ማለት ሥራውን መጣል ሳይሆን ሥራውን ለትክክለኛው ባለቤት ለአላህ ማድረግ ነው። እናትህ እዚህ አለመኖሯ ሶላትህን አላፈረሰብህም፤ የራስህ የምታደርግበትን ዕድል ሰጠህ።

ይኸው ጥያቄ ክፍል ውስጥም ይጠብቅሃል። የቡድን አሳይመንት ሲሰጥ አንዱ ይሠራል፣ አራቱ ስማቸውን ይጽፋሉ። በፈተና ሰዓት አንገት ይረዝማል። "መምህሩ እንኳን አያውቀኝም፣ ማንን ጎዳሁ?" ትል ይሆናል። እኔ ልንገርህ። ሎጂክ፣ ማቲማቲክስ፣ ጂኦግራፊ እያልክ የምትሰበስበው ውጤት በኋላ ዲፓርትመንት ይወስንብሃል። ተፈላጊው ዲፓርትመንት ውስጥ ያለው ቦታ የተቆጠረ ነው። በኩረጃ ያገኘኸው ነጥብ ሌሊቱን ላይብረሪ ያደረ አንድ ልጅ ከሚፈልገው ትምህርት ሊያስወጣው ይችላል። ያንን ልጅ ላታውቀው ትችላለህ፤ ሐቁ ግን አንገትህ ላይ አለ። የሰው ሐቅ ደግሞ ባለሐቁ ካላለፈልህ በቀላሉ የሚወርድ ሸክም አይደለም።

ታዲያ ብቻህን ቁም ማለቴ ነው? በፍጹም። ዛሬ የምንቀራው ሱረቱል ከህፍ ስለ ወጣቶች ይነግረናል። ሕዝባቸው በአላህ ላይ ሲያጋራ ትተውት ወጡ፤ የወጡት ግን ተያይዘው ነው። ከእንቅልፋቸው ሲነቁም አንዳቸውን ብር አስይዘው ወደ ከተማ ሲልኩት ንጹሑን ምግብ እንዲመርጥና በለዘብታ እንዲንቀሳቀስ አደራ አሉት። ወደማያውቅህ ከተማ ለገባኸው ላንተ ከዚህ የተሻለ ስንቅ የት ይገኛል? ጓደኛ ያዝ፣ ሐላሉን ምረጥ፣ ለዘብ በል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ አገራቸውን ጥለው የመጡትን ሙሃጂሮች ከአንሷሮች ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) የሀብቱን ግማሽ ለዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ሊያካፍል ተነሳ። ዐብዱረሕማን በረካን ተመኘለትና ገበያው የት እንደሆነ እንዲያሳየው ብቻ ጠየቀው። ወንድምነቱን አልገፋም፣ ጥገኛም አልሆነም። አንተም ገበያውን ጠይቅ። ክፍልህ ውስጥ የተቀመጠው ብዙው ልጅ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከፊት የነበረ ነው፤ የመጀመሪያው ሚድ ውጤት ዝቅ ቢል ደንቆሮ ሆነህ አይደለም። በእንግሊዝኛ የተሰጠው ሌክቸር አልገባህ ካለ ሲኒየሮችን ጠይቅ፣ የመምህሩን ቢሮ አንኳኳ። አፍሮ ዝም ያለ ተማሪ መጨረሻው ወይ ኩረጃ ነው ወይ ለእናቱ በስልክ "ደህና ነኝ" እያለ ብቻውን መስመጥ ነው።

ደግሞ ከአገርህ ልጆች ጋር ብቻ አትታጠር። አላህ ሕዝብና ነገድ ያደረገን እንድንተዋወቅ ነው። ክርስቲያን የዶርም ጓደኛህ ተኝቶ ሳለ ለሱብሒ መብራት ሳታበራ፣ በር ሳታንኳኳ ብትወጣ እስልምናህን በአዳብህ ያየዋል። ጾሙን አክብርለት። በፈተና ሰሞን ደክሞህ እንቅልፍ ቢወስድህ "ተነስ፣ ሰዓትህ ደርሷል" ብሎ የሚቀሰቅስህ እሱ ሊሆን ይችላል።

ዛሬ ማታ እናትህ ጋ ደውል። ስላስለመደችህ ነገር አመስግናት። ከዚያም የሱብሒን አላርም በገዛ እጅህ ሙላ።

አላህ ዕውቀታችሁን ጠቃሚ፣ ጓደኞቻችሁን መልካም፣ ብቻችሁን የምትሆኑበትን ሰዓት ከሰው ፊት ከምትሆኑበት የተሻለ ያድርግላችሁ። አሚን።

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት እናብዛ። ጁምዓ ሙባረክ!