ሕጋዊ ገንዘብ፣ ሕገወጥ ሰው

አንድ ከተማ ችግር ላይ ወደቀ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ድርቅ፣ ጦርነት ወይም የተዘጋ ፋብሪካ ነው። ሆሳዕና ግን ለየት ትላለች። የገበያዋ ውሎ በአካባቢው የእህል ምርትና አዲስ አበባ በሚወጣው ፖሊሲ ብቻ አይወሰንም፤ በጆሃንስበርግና በደርባን ሰፈሮች በሚሆነው ነገር ጭምር ይወሰናል። በግንቦት 2000 ዓ.ም. አሌክሳንድራ ከተባለው የጆሃንስበርግ ሰፈር ተነስቶ በውጭ አገር ሰዎች ላይ የዘመተው ሁከት ከ60 በላይ ሰዎችን ገደለ። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ደርባን ላይ፣ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ እንደገና ጆሃንስበርግ ላይ ሱቆች ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ። እዚያ ሱቅ ሲቃጠል እዚህ የፎቅ ሥራ ይቀዘቅዛል። ግንበኛው፣ ፌራዮው፣ ሲሚንቶ ሻጩ፣ ለእነርሱ ምሳ የምታቀርበው ሴት ሳይቀሩ ዓይተውት የማያውቁት አገር ኪሳራ ተካፋዮች ይሆናሉ።

ለመሆኑ እንዲህ ባለ ገንዘብ የቆመ ከተማ ለማን ምን ዕዳ አለበት? ጥያቄው የኢኮኖሚ ይመስላል፤ እንደ እኔ ግን በመጀመሪያ የሞራል ጥያቄ ነው።

ከሐዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚደረገው ጉዞ የተጠናከረው አፓርታይድ ካበቃ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ነው። ምክንያቱን ሲጠይቁ የሚያገኙት መልስ አንድ አይነት አይደለም። አንዱ የመሬቱን መጥበብ ያነሳል። ሌላው በ1992 ዓ.ም. ምርጫ በሐዲያ ተቃዋሚዎች ድምፅ ካገኙ በኋላ የመጣውን የፖለቲካ ጫና ይጠቅሳል። ሆሳዕና መጥቶ የሰበከ የውጭ አገር ወንጌላዊ «የደቡብ በር ይከፈታል» ብሎ ነበር እየተባለም ይወራል። ትንቢት ይሁን አጋጣሚ ለአማኙ እተወዋለሁ። ሁሉም ግን አንድ ነገር ይናገራሉ፤ ሰዉ በአገሩ በር እንደተዘጋበት ተሰምቶት ነበር።

የዚህ አካባቢ ገበሬ ለክፉ ቀን መላ ያጣ ሰው አይደለም። በጓሮው እንሰት አለው። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ እስኪፈለግም ቆሞ ይጠብቃል። በ1977ቱ ረሃብ ሰሜኑ ሲያልቅ የእንሰት አገር በአንጻሩ መቋቋሙ በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን ይህም መላ ልክ አለው። በዚያው አሌክሳንድራ በነደደበት በ2000 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ሳይጥል ቀረና ከምባታ፣ ሐዲያና ወላይታ ላይ «አረንጓዴ ረሃብ» የተባለው ገባ። ኋላ በጣለው ዝናብ ኮረብታው ለምልሞ ሳለ ሕፃናት በምግብ እጥረት ሆስፒታል ይገቡ ነበር። ችግር ሲጠና ቤተሰብ ያልደረሰ እንሰት ይቆርጣል። የሚቆርጠው ሰው የከርሞውን እየበላ መሆኑን አሳምሮ ያውቃል፤ ግን ምን ያድርግ?

ልጅ ወደ ደቡብ አፍሪካ መላክም እንዲሁ ነው። ቤተሰቡ በሬ ይሸጣል፣ መሬቱን በመያዣ ይሰጣል፣ ከዘመድ ይበደራል፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያልጨረሰው ልጅ ከደላላ እጅ ይገባል። ሞያሌን አልፎ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አቋርጦ ይሄዳል። ከደረሰ አንሶላና ብርድ ልብስ ተሸክሞ በድሆች ሰፈር በዱቤ ያዞራል፤ ወር ጠብቆ ገንዘቡን ይለቅማል፤ ውሎ አድሮ ትንሽ ሱቅ ይከፍታል። መጀመሪያ የሚከፍለው የራሱን መንገድ ዕዳ ነው። ከዚያ የእናቱ ቤት በቆርቆሮ ይለወጣል። ቀጥሎ ተራው የታናሽ ወንድሙ ይሆናል።

ከተማዋ በዚህ መሐል አደገች። በ1999ኙ ቆጠራ ወደ 70 ሺህ ሕዝብ የነበራት ሆሳዕና ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረትም የርዕሰ መስተዳድሩ መቀመጫ ሆናለች። ፎቆቹን ያየ እንግዳ ምን ፋብሪካ አላችሁ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ወደ ዱራሜ፣ ወደ ሺንሺቾና ወደ ሾኔ ቢዘልቅም ጥያቄው ይከተለዋል። እኔ ግን ካለቁት ፎቆች ይልቅ ያላለቁትን ማየት ይቀናኛል። ፌሮው ወደ ሰማይ እንደቆመ የቀረ ሕንፃ ባየሁ ቁጥር የባለቤቱ ሱቅ በየትኛው ዓመት ይሆን የተዘረፈው እላለሁ። ምናልባት በ2012 ዓ.ም. ይሆናል። ያን ጊዜ ደቡብ አፍሪካ በኮሮና ምክንያት በሯን ስትዘጋ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሰፈር ሱቅ እንዲከፍቱ የተፈቀደላቸው የአገሬው ሰዎች ብቻ እንደሆኑ ተነግሮ ነበር።

ባሕር ማዶ ዘመድ የሌለውስ? የዚህን ሰው ዕጣ ለማየት የ2016 ዓ.ም.ን ነገር ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ዓመት በሐዲያ ዞን መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዛቸው ለወራት ሳይከፈል ቆየ፤ ትምህርት ቤቶች ሥራ አቆሙ። ከተነገሩት ምክንያቶች አንዱ የማዳበሪያ ዕዳ ነበር። ገበሬው ማዳበሪያ በዱቤ ወሰደ፤ ዋስ የሆነው መንግሥት ነው፤ ዕዳው ሳይመለስ ሲቀር ከበጀት ላይ ተቆረጠ፤ በጀቱ ሲጎድል የመምህሩ ኪስ ባዶ ሆነ። ገበሬውን ዕዳ ከፋይ አይደለህም ብዬ አልፈርድበትም፤ የማዳበሪያውን ዋጋ የወሰነው እርሱ አይደለምና። ግን ዕዳው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ አርፎ የተቀመጠው እምቢ የማለት አቅም በሌለው ሰው ትከሻ ላይ ነው። መምህሩ ከሰፈር ሱቅ በዱቤ በላ፤ ባለሱቁ ከአከፋፋዩ ተበደረ። ያን ሁሉ ጊዜ ተማሪው ተቀምጦ ያያል። ዲግሪ የያዘው መምህሩ ለጤፍ ሲለምን፣ ስምንተኛ ክፍል ያቋረጠው ጎረቤቱ ከጆሃንስበርግ ፎቅ ሲያሠራ አየ። ከዚህ ወዲያ ስለ ትምህርት ጥቅም ምን ዓይነት ስብከት ይገባዋል?

በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ፖሊሲው ለሁሉም አንድ ነው ይባላል፤ በአንድ አጥር የሚዋሰኑ ሁለት ቤቶች ግን በተለያየ መንገድ ተቀበሉት። ራንድ የሚላክለት ቤት በአንድ ሌሊት ብሩ በዛለት፤ በደመወዝ የሚኖረው ጎረቤት ዘይትና ስኳሩ ራቀበት። ፖሊሲውን ያወጡት ሰዎች ይህን አስበውበት ይሆናል። የወጣቱ ጆሮ የሚሰማው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሂድ!

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ጎን ሕጉን አስቀምጠው። በአዋጅ ቁጥር 909/2007፣ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር ከባድ ወንጀል ሆኗል። አዋጆቹ የሚቀጡት አሻጋሪውን እንጂ ተጓዡን አለመሆኑ ያስመሰግናቸዋል። በአደባባይ ንግግራችን ግን ተጓዡ «ሕገወጥ ስደተኛ» ነው። ይኸው ሕገወጥ ስደተኛ ገንዘብ በባንክ ሲልክ ስሙ ይለወጥና «ውድ የዳያስፖራ ደንበኛችን» ይባላል፤ ላኪና ተቀባይ በዕጣ ይሸለማሉ፤ ባለሥልጣን በልማት ስብሰባ ላይ ያመሰግነዋል። ደላላውን በተመለከተማ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» የሚለው ሰው ብዛቱ! ገንዘቡ ሕጋዊ፣ ገንዘቡን ያመጣው እግር ሕገወጥ የሆነበት ሥርዓት በእኔ ሚዛን ግብዝነት ነው።

እዚህ ላይ የሚሰነዘር ጠንካራ መከራከሪያ አለ። «ልጁ ማንም አላስገደደውም፤ አደጋውን ያውቃል፤ ያተረፈውም ለቤተሰቡ ነው። አንተ አዲስ አበባ ቡና ቤት ተቀምጠህ በስሙ የምታለቅስለት ማን ሆነህ ነው?» ይሉኛል። ክርክሩን አከብረዋለሁ። ድሃ ዕድሉን የመሞከር መብት የለውም የሚል ሰው ሳይጠየቅ ሞግዚት የሆነ ሰው ነው። ከዚህም በላይ ብዙዎቹ ሠርተው አልፎላቸዋል፤ የሚያሳዝን ታሪክ ብቻ እየመረጡ ማውራትም ውሸት ነው። ነገር ግን ፈቃድ ማለት ሌላም መንገድ ሲኖር ነው። መሬት ላልደረሰው፣ ትምህርቱ በደመወዝ እጦት ለተዘጋበት፣ ታላቁ ቀድሞ ለሄደ ልጅ «መርጠህ ነው» ማለት ያልደረሰውን እንሰት ቤተሰቡ ጣዕሙን ወዶ ቆረጠው እንደማለት ነው። ደግሞም ፈቃዱ የእርሱ ከሆነ ትርፉም የእርሱ ብቻ በሆነ ነበር። እኛ ግን ፎቁን ተከራይተናል፣ ግብሩን ሰብስበናል፣ የውጭ ምንዛሪውን ቆጥረናል። ከትርፉ የተካፈለ ሰው አደጋውን «የግል ጉዳይ» ሊለው አይገባም።

አደጋው ደግሞ በቁጥር የሚታወቅ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ተገለጸ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በማላዊ ምዚምባ አንድ የጅምላ መቃብር ሲቆፈር በመጀመሪያ 25 አስከሬን ወጣ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከዛምቢያ ዋና ከተማ ከሉሳካ ዳር ላይ 27 አስከሬኖች ተጥለው ተገኙ። እነዚህም ኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ አይቀሩም ተባለ። ቁጥሩ እንዲህ ተዘርዝሮ ሳለ ስሙ የለም።

ስም የሌለው ሞት በአገር ቤት ለቅሶ አያስቀምጥም። እናት መርዶ ካልሰማች አትለቀስላትም፤ ሚስት ባለትዳር ትሁን መበለት አይታወቅም፤ አበዳሪው ግን ገንዘቡን ይጠይቃል። በልማት ስብሰባ ላይ ዳያስፖራው ስንት ብር እንዳፈሰሰ የሚነበብ ሪፖርት ሰምቻለሁ። ከየቀበሌው ወጥተው ድምፃቸው የጠፋ ልጆች ዝርዝር ሲነበብ ግን ሰምቼ አላውቅም። ዝርዝሩን ለመጀመር ትልቅ በጀት አያሻም። እያንዳንዱ እድር የአባላቱንና የቤተሰባቸውን ስም የሚጽፍበት ደብተር አለው፤ ጸሐፊው የማን ልጅ በየትኛው ዓመት እንደሄደና ከመቼ ወዲህ እንዳልደወለ ሳይነግሩት ያውቃል።