ከጉሙ በታች

ጉም ከማይገፈፍበት ገደል አፋፍ ላይ አንድ መንደር ነበረ። ከሥር ያለውን ሸለቆ ያየ ሰው የለም፤ ስለ ሸለቆው የማያወራም ሰው የለም። «ጉም ካለ ውሃ አለ» ይላል አንዱ ሽማግሌ። «ውሃ ካለማ ለምለም ነው» ይላል ሌላው። ሦስተኛው ሣሩ በሬ እንደሚውጥ ይምላል። ጠላው በተቀዳ ቁጥር ሸለቆው ይለመልማል። ለልጁ ማጫ ከዚያው መሬት የቆረጠ አባት ሳይቀር ነበረ አሉ።

በመንደሩ አንድ ዓይነ ስውር ወጣት ነበር። ጉሙ ለእሱ የሚጋርድበት ነገር የለም። ወንጭፉን ይዞ አፋፉ ላይ ይቆምና ድንጋይ ለቆ ጆሮውን ይቀስራል። ጥርት ያለ ድምፅ ከተመለሰ አለት፣ ድፍን ያለ ከሆነ አፈር፣ ሲንከባለል ከሰማ ቁልቁለት ነው። ክረምት ከበጋ ወረወረ። የውሃ ድምፅ ግን አንድም ቀን አልመጣለትም።

«ታዲያ ሣሩስ፣ ልጄ?»

«ሣር አልሰማሁም፣ አባቴ።»

«እሺ፣ መሬቱ ቀይ ነው ጥቁር?»

«ድንጋይ ቀለም አይነግረኝም።»

ሽማግሌዎቹ ተሳሳቁ። እሱ ጭራሽ ድሮ የወረወረበትን ቦታ ደግሞ ይወረውር ጀመር። «የጨረስከውን ምን ያስደግምሃል?» ቢሉት፣ «እስቲ ስሙት፤ አምና ድምፁ እንዲህ አልነበረም» አላቸው።

ሸለቆው የቬነስ ገጽ ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የኖቤል ተሸላሚው ስዊድናዊ ስቫንተ አርሄኒየስ ሳይቀር ደመናዋን አይቶ ረግረጋማ ናት ብሎ ጽፏል፤ ጠላ ሳይቀዳለት። ደመናው ግን የሰልፈሪክ አሲድ ጠብታ ነው። መሬቷ 460 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይግላል፤ እርሳስ ያቀልጣል። የአየሩ ግፊት የምድራችንን 90 እጥፍ ያህላል። በ1982 እ.ኤ.አ. እዚያ ያረፈችው የሶቪየቷ ቬኔራ 13 ሁለት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሠራችው።

ወንጭፉ ደግሞ ራዳር ነው። የሬዲዮ ሞገድ ደመናውን ሰንጥቆ ያልፋል፣ መሬቱን መትቶ ይመለሳል። የአሜሪካዋ ማጄላን መንኮራኩር ከ1990 ጀምሮ በዚህ ዘዴ 98 በመቶ የሚሆነውን የቬነስን ገጽ ቃኝታለች። ምስሎቹን የሚያይ ሰው ግን አይሸወድ፤ ደምቆ የሚታየው በአብዛኛው ሻካራ መሬት ነው፣ የጠቆረው ለስላሳ። ያ የምናውቀው ብርቱካናማ ቀለምም ከራዳሩ የመጣ አይደለም፤ ቬኔራዎች መሬት ላይ ሆነው ካነሱት ፎቶ ተወስዶ የተቀባ ነው።

መድገሙስ? ማጄላን በ1991 ማአት ሞንስ የተባለውን ተራራ በስምንት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ቃኝታው ነበር። በመካከሉ አንድ የእሳተ ገሞራ አፍ ሰፍቷል፣ ቅርጹንም ለውጧል። ይህ የተነገረው በ2023 ነው፤ ምስሎቹ 30 ዓመት ተቀምጠው ማለት ነው። ሁለቱ ከተለያየ አቅጣጫ የተነሡ በመሆናቸው ማስተያየቱ አድካሚ ነበር፤ ለውጡን ያገኘው ተመራማሪ ምስሎቹን አንድ በአንድ ጎን ለጎን እያደረገ፣ በገዛ ዓይኑ ነው የለቀማቸው።