ጊታር የሠራው የሬዲዮ ጠጋኝ

እ.ኤ.አ. በ1938 በካሊፎርኒያ፣ የብርቱካን እርሻ በከበባት ፉለርተን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከሒሳብ ሥራው የተቀነሰ አንድ ወጣት 600 ዶላር ተበድሮ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። ስሙ ሊዮ ፌንደር ይባላል። የከተማው ሰው የተበላሸ ሬዲዮውንና ሸክላ ማጫወቻውን ተሸክሞ ይመጣል፤ ሊዮ ይፈታል፣ ያያል፣ ይጠግናል። ለስብሰባና ለበዓል ድምፅ ማጉያ ያከራያል። ውሎ አድሮ የአካባቢው ሙዚቀኞችም ደጁን መርገጥ ጀመሩ። አንዱ አምፕሊፋየሩ ጭስ ጭስ ይላል፣ ሌላው ጊታሩ መድረክ ላይ እየጮኸ ያሳፍረዋል፣ ሦስተኛው ድምፁ መጥቶ ይጠፋበታል። የሁሉም ማረፊያ የሬዲዮ ጠጋኙ ሱቅ ሆነ።

ሊዮ ፌንደር ጊታር መጫወት ዕድሜውን ሙሉ አልተማረም። ጠንቅቆ የሚያውቀው ብልሽትን ነው። የትኛው ሽቦ ቶሎ እንደሚላቀቅ፣ የትኛው ክፍል አቧራ እንደሚሰበስብ፣ ለጠጋኝ እጅ የማይመቸው የቱ እንደሆነ በየቀኑ ሲያይ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1950 ለገበያ ያቀረበውና በማግስቱ ዓመት ቴሌካስተር የሚለውን ስም ያገኘው ጊታር ይህን እውቀት በሰውነቱ ይዞ ነው የወጣው። የዚያ ዘመን ጊታሮች አንገት በአብዛኛው በሙጫ ይጣበቅ ነበር፤ እሱ በአራት ብሎን አሰረው። የድምፅና የቶን ማዞሪያዎቹን ከመቀያየሪያው ጋር በአንዲት ጠባብ ብረት ላይ ደረደራቸውና ብረቷን በሁለት ብሎን ብቻ ያዛት። ሁለቱን ፈትቶ ብረቷን ብድግ ያደረገ ሰው የጊታሩን መቆጣጠሪያ በሙሉ እጁ ላይ ያገኘዋል። በ1954 የተከተለው ስትራቶካስተርም ፒካፖቹን (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡትን ክፍሎች)፣ ማዞሪያዎቹንና መቀያየሪያውን በአንድ የፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ ሰብስቦ ያዘ፤ የመጀመሪያዎቹ ሰሌዳዎች ስምንት ብሎን ነበራቸው። ዛሬ በዓለም ላይ በርካሽ ከሚሸጡት የኤሌክትሪክ ጊታሮች ብዙዎቹ የእነዚህ የሁለቱ ቅጂ ወይም የቅርብ ዘመድ ናቸው።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ብዙ ሰው የኤሌክትሪክ ጊታርን ከውጭ የመጣ፣ የማይነካ፣ ምስጢሩ ለባለሙያ ብቻ የተሰጠ ዕቃ አድርጎ ስለሚያየው ነው። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ድምፅ የሚጨምረውና የሚቀንሰው የጊታር ማዞሪያ በሬዲዮ ላይ ያለው ያው ዕቃ ነው፤ ፖቴንሽዮሜትር ይባላል፣ ጠጋኞች ባጭሩ ፖት ይሉታል። የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ በ1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሥርጭት ከጀመረ በኋላ በየመንደሩ ሬዲዮ ከብበው ያዳምጡ የነበሩ አባቶችና እናቶች ችግሩን ያስታውሱታል። ቮልዩሙ ሲነካ ‹‹ኮሽ ኮሽ›› ይላል፤ ባለቤቱ ወዲያና ወዲህ ደጋግሞ ያዞረዋል፤ ድምፁም ይጠራል። ያ አባት ሳያውቀው ፖት አጸዳ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሺንሺቾ እንምጣ። በከምባታ ዞን የቃጫ ቢራ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በዚህች ከተማና በአካባቢው፣ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ጊታር በብዛት የሚሰማው ምሽት ቤት ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን ነው። የወንጌል መልእክተኞች በ1920ዎቹ ወደ ሐዲያና ከምባታ ከገቡ ወዲህ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሥር ሰደዋል፤ የመዘምራን ቡድን ደግሞ ኪቦርድ፣ ሊድ ጊታርና ቤዝ ጊታር ይፈልጋል። መሣሪያው የሚገዛው በምእመናን መዋጮ ነው። የሚያገለግለው ለእሑድ አምልኮ፣ ለሠርግና ለኮንፈረንስ ሲሆን በቀረው ጊዜ ዕቃ ቤት ጥግ ተደግፎ ይቆማል። በበጋ አቧራው፣ በክረምት እርጥበቱ ይገባበታል።

ከዚያ አንድ እሑድ መዝሙሩ ከመሐል ላይ ሲደርስ ጊታሪስቱ ድምፁን ሊቀንስ ማዞሪያውን ይነካል፤ ስፒከሩ ‹‹ክርርር›› ብሎ ጉባኤውን ያስደነግጣል። ‹‹እባካችሁ ያንን ነገር አጥፉልን›› ይላሉ አንድ ሽማግሌ። ጊታሩ ‹‹ተበላሽቷል›› ተብሎ ይነቀላል፤ በሚቀጥለው ስብሰባም የአዲስ ጊታር መዋጮ አጀንዳ ይሆናል። የሬዲዮ ጠጋኙ ታሪክ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። ጠጋኝ ‹‹ተበላሽቷል›› በሚል ቃል አይረካም፤ ‹‹ምኑ?›› ብሎ ይጠይቃል።

የጊታር ጩኸት ዓይነቱ ብዙ ነው፤ እያንዳንዱም አድራሻውን ይናገራል። ማዞሪያው ሲዞር ብቻ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ችግሩ ፖቱ ውስጥ ነው። ገመዱ ሲነቃነቅ የሚንጫጫ ወይም ድምፁ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ኬብሉ ወይም ገመዱ የሚሰካበት ጃክ ነው። ፒካፕ መቀያየሪያው ሲነካ የሚጮኽ ከሆነ የመቀያየሪያው መገናኛዎች ቆሽሸዋል። ምንም ሳይነካ ያለማቋረጥ ‹‹እምምም›› የሚል ከሆነና ክሩ በእጅ ሲነካ የሚቀንስ ከሆነ ነገሩ ከአቧራ ጋር አይገናኝም፤ የመሬት መስመር ወይም የመከለያ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሳት በፊት ሁለት ነገር ይደረግ፤ ሌላ ኬብል ይሞከር፣ ሌላ ጊታር በዚያው አምፕሊፋየር ይሞከር። ጥፋቱ የኬብሉ ሆኖ ሳለ ጊታሩ የሚከሰስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ጥፋቱ የፖቱ መሆኑ ከተረጋገጠ ዋጋ በማያስከፍለው ይጀመራል። አምፕሊፋየሩ ጠፍቶ ማዞሪያው ከጥግ እስከ ጥግ ሠላሳ ጊዜ ያህል ይዞር። ቀላል ኮሽታ በዚህ ብቻ ሊጠፋ ይችላል። ካልጠፋ ሽፋኑ ይከፈት። ፖቱ ከጀርባው ሲታይ ክብ የብረት ቆብ ነው፤ በጎኑ ሦስት እግሮች ወጥተውለታል፤ ከእግሮቹ በላይ ቀጭን ክፍተት አለች። በቆቡ ሥር ጫፍና ጫፉ ያልገጠመ ቀለበት የመሰለ ጥቁር የካርቦን መስመር ተነጥፏል፤ ማዞሪያው ሲዞር አንዲት ትንሽ የብረት ምላስ በዚህ መስመር ላይ ትንሸራተታለች። በምላሷና በመስመሩ መካከል አቧራ ወይም ዝገት ሲገባ ግንኙነቱ ይቆራረጣል፤ እኛ የምንሰማው ኮሽታም አምፕሊፋየር ያጎላው ያ መቆራረጥ ነው። ማጽጃው መግባት ያለበት በእግሮቹ በኩል ባለችው ክፍተት ነው። ከፊት ለፊት በዘንጉ በኩል ቢነፋ ለዘንጉ የተቀባውን ግራሶ ያጥባል፣ መስመሩ ጋም አይደርስም። ከጣሳው ጋር በሚመጣው ቀጭን ቱቦ አንድ ሁለቴ መርጨት ይበቃል፤ ወዲያው ማዞሪያውን ሃያ ሠላሳ ጊዜ ማዞር፣ ከዚያ እስኪደርቅ መጠበቅ። ጃኩና መቀያየሪያውም በዚያው ማጽጃ ይጸዳሉ። ፈሳሹ የጊታሩን ቀለም እንዳይነካ በጨርቅ መከለል ነው።

ማጽጃ ስንል ለኤሌክትሪክ መገናኛ ተብሎ የተሠራውን ኮንታክት ክሊነር ማለታችን ነው። ጋራዥ ውስጥ የማይጠፋው ተራው ደብሊውዲ-40 ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም። እ.ኤ.አ. በ1953 ሳንዲዬጎ ውስጥ የተቀመመው ውኃ ከብረት ላይ ለማባረርና ዝገት ለመከላከል ነው፤ ትቶት የሚሄደው ቅባት በኋላ አቧራ ይይዛል። ለጊዜው ጸጥ ያለው ጊታር ከወራት በኋላ ብሶበት ሊመለስ ይችላል። ኮንታክት ክሊነር የሞባይል ጥገና ሱቆች ስለሚጠቀሙበት በየከተማው ማግኘት አይከብድም።

ጽዳቱ ካላዳነው መመርመሪያ ይነሳ። ፖቱ ከሽቦዎቹ ተነጥሎ በቴስተር ሲለካ ሁለቱ የጥግ እግሮች ጀርባው ላይ ከተጻፈው ቁጥር ጋር የሚቀራረብ መጠን ያሳያሉ፤ ሃያ በመቶ ከፍና ዝቅ ቢል ችግር የለውም። የመሐሉ እግርና አንዱ የጥግ እግር ተይዘው ማዞሪያው በዝግታ ሲዞር ቁጥሩ ሳይዘል ሊጨምር ወይም ሊቀንስ ይገባል። መሐል ላይ ድንገት የሚጠፋ ከሆነ የካርቦን መስመሩ ተበልቷል፤ የተበላን መስመር የሚመልስ ማጽጃ የለም። መቀየር የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው።

አዲስ ፖት ሲገዛ ሦስት ነገር ይታያል። አንደኛው መጠኑ ነው፤ ነጠላ ጥቅል ፒካፕ ላለው ጊታር 250 ሺህ ኦም፣ ሃምባከር ለተባለው ጥንድ ፒካፕ 500 ሺህ ኦም የተለመደ ነው። ሁለተኛው ከቁጥሩ አጠገብ ያለው ፊደል ነው፤ ብዙውን ጊዜ ‹ኤ› የሚለው ለጆሮ እንዲመች ቀስ እያለ የሚጨምረውን፣ ‹ቢ› የሚለው እኩል እየጨመረ የሚሄደውን ያመለክታል። ሦስተኛው የዘንጉ ውፍረትና ርዝመት ነው፤ ከቀዳዳው የማይገጥም ወይም የድሮው ማዞሪያ የማይቀመጥበት ከሆነ ልፋቱ ከንቱ ነው። ስለዚህ አሮጌው ፖት ወጥቶ ይቀመጥ፤ ለመሳላ በዓል ወደ ሀገር ቤት የመጣ ዘመድ ሲመለስ ናሙናውን ይዞ በአዲስ አበባ ፒያሳና መርካቶ ያሉ ሱቆችን ሊጠይቅ ይችላል።

መበየዱን ደግሞ የሞባይል ወይም የሬዲዮ ጠጋኝ ይችለዋል፤ አንድ ሽቦ ከመላቀቁ በፊት ግን የሽቦዎቹ አቀማመጥ በስልክ ፎቶ ይነሳ። ከሁሉም የሚያስቸግረው በፖቱ ጀርባ ላይ የሚበየደው የመሬት ሽቦ ነው። የብረት ቆቡ ሙቀት ስለሚስብ ለሞባይል የሚሆነው ደካማ ካውያ እርሳሱን በደንብ አያቀልጠውም፤ እየተጫኑ መቆየት ደግሞ ውስጡን ያቃጥላል። መፍትሔው ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ አድርጎ፣ ጠንከር ባለ ካውያ በአጭር ጊዜ ጨርሶ መነሳት ነው። የተበላሸው ባለ 9 ቮልት ባትሪ ቤዝ ጊታር ከሆነ ግን ከሁሉ በፊት ባትሪው ይቀየር፤ ብዙዎቹ ገመዱ እስከተሰካ ድረስ ባትሪ ስለሚበሉ ከልምምድ በኋላ ገመዱን መንቀል ልማድ ይሁን።

አንድ ነገር ግን ከቁጠባ ጋር የማይደራደር ነው። ክሩን የያዘ ሰው ማይክሮፎን ከንፈሩን ሲነካ የሚነዝረው ከሆነ ጊታሩን መፍታት መፍትሔ አይደለም። ይህ የሕንፃው የመሬት መስመር ወይም የአምፕሊፋየሩ ጉድለት ነው፤ 220 ቮልት ደግሞ ሰው ይገድላል። መሣሪያው ወዲያው ጠፍቶ የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጠራት አለበት።

‹‹ይህን ሁሉ ከመድከም አዲስ ፖት ቀይሮ መገላገል አይሻልም?›› የሚል አይጠፋም። የፌንደር ፋብሪካ ታሪክ መልስ አለው። ሲቢኤስ የተባለው ኩባንያ ፋብሪካውን እ.ኤ.አ. በ1965 በ13 ሚሊዮን ዶላር ከገዛው በኋላ በቀጣዩ ዓመት እጅግ ብዙ ፖት ተገዝቶ ተከማቸ። በእነዚያ ፖቶች ጀርባ ላይ የታተመው ቁጥር ሠሪውን፣ ዓመቱንና ሳምንቱን ስለሚናገር፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የተሠሩ ብዙ ጊታሮች ሲከፈቱ የ1966 ፖት ይገኝባቸዋል። ከእነዚህ መካከል ዛሬም፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏቸው፣ እየጸዱ የሚሠሩ አሉ። የድሮ ጊታር ሰብሳቢዎችም ይህን ቁጥር አይተው የጊታሩን ዕድሜ ይገምታሉ፤ ነባሩ ፖት ተነቅሎ የተጣለበት ጊታር በእነሱ ዘንድ ዋጋው ይቀንሳል። ችኩል ጠጋኝ ያቃለለ መስሎት ገንዘብና ታሪክ ይጥላል።

ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሞት ስሙ በዓለም ዙሪያ በሚገኙ ጊታሮች ራስ ላይ ተጽፎ ነበር። ለዚያ ያበቃው ከሱቁ ጠረጴዛ የተማረው ሥርዓት ነው፦ መጀመሪያ ጥፋቱን ለይ፣ ቀጥሎ አጽዳ፣ የላላውን በይድ፣ የሞተውን ብቻ ቀይር። በሺንሺቾም ሆነ በሆሳዕና መዘምራንን የምትመሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ለአዲስ ጊታር መዋጮ ከመጥራታችሁ በፊት ያንን ዕቃ ቤት የተደገፈ ጊታር ከከተማችሁ ሬዲዮ ጠጋኝ ጋር አብራችሁ ክፈቱት። ከወጣቶቹም አንዱ አጠገቡ ቆሞ ይማር፤ የሚቀጥለውን እሱ ይጠግነዋል።