ባዶ ምድር የለም

ወጣት አንባቢ ሆይ! «እዚህ ምንም የለም» የሚለው ቃል ሰውን ይጐዳልን? ነገሩ ቀላል መስሎ ይታያል። ነገር ግን እስቲ በአሳባችን ወደ ካላሃሪ በረሃ ሄደን እንመርምረው።

በደቡብ አፍሪቃ፣ ከቦትስዋናና ከናሚቢያ ድንበር አጠገብ፣ የኮማኒ ሳን ሕዝብ የኖረበት ቀይ አሸዋ አለ። ይህ ስፍራ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ2017 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ቅርስ ሊያይ የመጣ መንገደኛ ግን ሐውልት ቢፈልግ አያገኝም፤ የሚያየው የአሸዋ ክምርና እሾሃም ዛፍ ነው። ስለዚህ «ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ለዚህ ነውን?» ብሎ ያጕረመርማል።

የአገሩ ሰው ግን በዚያው አሸዋ ላይ ጐንበስ ብሎ ያነባል። ሳላው መቼ እንዳለፈ፣ ቈስሎም እንደ ሆነ ከኮቴው ይለያል። ውሃ በታጣ ወራት በበረሃ ሐብሐብ ጥሙን ይቈርጣል። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» እንዲሉ ነው።

ይህ ምድር በ1931 ለአራዊት መጠበቂያ ተከለለ። ለአውሬው ታሰበለት፤ ሰዎቹ ግን ቀስ በቀስ እንዲወጡ ተደረጉ። ብዙዎቹም በሰው እርሻ እየተቀጠሩ ተበተኑ፤ ቋንቋቸውም ጠፍቷል ተባለ። በ1990ዎቹ ግን የሚናገሩት ጥቂት አረጋውያን ተገኙ። ለካ እስከዚያ ድረስ ደኅና አድርጎ የጠየቃቸው አልነበረም! በ1999 መሬት የሚመልስላቸው ስምምነት ተፈረመ። መሬትስ በፊርማ ይመለሳል፤ ከአባት ወደ ልጅ ሳይተላለፍ የቀረ ዕውቀት ግን በምን ይመለሳል?

መንገደኛው ምናልባት «እኔ ማንንም አላፈናቀልሁም፤ የመግቢያውን ዋጋ ከፍዬ ያየሁትን ተናገርሁ እንጂ» ይል ይሆናል። እውነቱን ነው። ሆኖም ባዶ ነው ከተባለ ስፍራ ሰውን ማስወጣት በደል አይመስልም። በደሉ የሚያልፍበትን በር የሚከፍተው እንግዲህ እንዲህ ያለው ቃል ነው።

ስለዚህ ወዳጄ ሆይ፣ ወደማታውቀው አገር ደርሰህ ዓይንህ ምንም ባያገኝ «ማንበብ አልቻልሁም» በል። ከዚያም የሚያነበውን ሰው ፈልገህ፣ እጅ ነሥተህ ጠይቀው።