እናትህ የምርጫ ወረቀቱን ስትሰጥህ

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም



ባለፈው የምርጫ ሰሞን እዚህ ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ አንድ ወጣት ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ጠጋ ብሎ «ኡስታዝ፣ ወንጀል ይሆንብኝ ይሆን?» አለኝ። እናቱ እንግሊዝኛ አታነብም። የምርጫው ወረቀት በፖስታ ሲመጣላት «ልጄ፣ አንተ ታውቃለህ፣ ሙላልኝ» ብላ ሰጠችው። የፕሬዚዳንቱን ጠይቋት ሞላ። የትምህርት ቤት ቦርድ የሚለው ጋ ሲደርስ ግን ከስሞቹ አንዱንም አያውቅም፤ ቸኩሎም ነበር። አንዱ ላይ ከላይ ያለውን ስም፣ ሌላው ላይ ደግሞ የኛ ሰው የሚመስለውን አጠቆረ። እናቱ ፈረመች፣ ፖስታው ተላከ። «ማታ ነው ትዝ ያለኝ፤ ታናሽ እህቴ እኮ እዚሁ ትምህርት ቤት ነው የምትማረው» አለኝ።

እኔ ስለዚያ ወጣት ሳስብ ትዝ የምትለኝ አንዲት ልጅ አለች። በሱረቱል ቀሶስ የተጠቀሰችው የመድየን ልጅ። አባቷ ሽማግሌ ነው፣ ወደ ውሃው መውረድ አይችልም። እሷና እህቷ ናቸው በጎቹን የሚያሰማሩት። ሙሳ (ዐ.ሰ) እንግዳ ሆኖ መጣ፣ ማንም ሳይለምነው በጎቻቸውን አጠጣላቸው፣ ዞሮም ወደ ጥላው ሄደ። ኋላ ልጅቷ አባቷን ይህን ሰው ቅጠረው አለችው። ምክንያቷም ሁለት ነበር፦ ጠንካራ ነው፣ ታማኝም ነው።

አስተውሉ። አባት ያላየውን ልጅ አይታለታለች። ስለ ሰውየው ዘር አልነገረችውም፣ ስለ መልኩም አልነገረችውም። በዓይኗ ያየችውን ሥራ መሰከረች። ከዚያ ግን ውሳኔው የአባቷ ነበር፤ ከሙሳ ጋር የተዋዋለው እሱ ራሱ ነው።

ያንተም ቦታ ይኸው ነው ወንድሜ። ያንቺም እህቴ። ለእናትህ ታነብላታለህ፣ ታስረዳታለህ፣ ያወቅከውን ትመሰክራለህ። መራጯ ግን እሷ ናት። ሕጉም ማንበብ የማይችል ሰው ራሱ በመረጠው ሰው እንዲታገዝ ይፈቅዳል፤ ማገዝ ማለት ግን በእሷ ቦታ መምረጥ ማለት አይደለም። ብዙ ዑለማዎች ድምፅ መስጠትን ከምስክርነት ጋር ያያይዙታል። ሳታውቅ ያጠቆርከው ክብ፣ ሳታይ እንደመሰከርከው ምስክርነት ነው።

«ቦርዱ ምን ያደርጋል?» ለምትሉ፦ የካውንቲያችን የትምህርት ቦርድ ወደ 160 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች የሚማሩበትን፣ በዓመት ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ በጀት ያለውን ሥርዓት ይመራል። ዋና ሱፐርኢንተንደንቱን የሚሾመው እሱ ነው። የትኛው ሰፈር ወደ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚሄድ የሚወስነውም፣ የትምህርቱን ካላንደር የሚያፀድቀውም እሱ ነው። ግብር ግን አይጥልም፤ ገንዘቡ የሚመጣው ከካውንቲው ምክር ቤት፣ ከስቴቱና ከፌዴራል መንግሥት ነው። ስለዚህ «ግብር አስቀንሳለሁ» የሚል የቦርድ ተወዳዳሪ ካጋጠማችሁ፣ ሥራውን አያውቀውም ማለት ነው።

የዒድን ጉዳይ አስታውሱ። ሙስሊም ወላጆች ለዓመታት ሲጠይቁ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ በ2014 ቦርዱ የሁሉንም ሃይማኖት በዓላት ስም ከካላንደሩ አወጣ። ብዙዎች ተስፋ ቆረጡ። ያልቆረጡት ግን መመላለሳቸውን ቀጠሉ፤ በ2016 የዒደል አድሓ ዕለት ተማሪዎች ቤታቸው ዋሉ። በቅርቡም ልጆቻችን በክፍል ስለሚነበቡላቸው መጻሕፍት የተነሣው ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ2025 ለወላጆቹ ተወሰነ። የዚያ ሁሉ መነሻ አንድ የቦርድ ስብሰባ አዳራሽ ነው።

ታዲያ እንዴት እንምረጥ? በመድየኗ ልጅ ሚዛን።

ጥንካሬ፦ ሥራውን ያውቀዋል? በጀት ማንበብ ይችላል? አቡ ዘር (ረ.ዐ) ሹመት በጠየቁ ጊዜ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይህ አማና መሆኑንና እሳቸው ለዚህ ደካማ መሆናቸውን ነገሯቸው። አቡ ዘር እኮ በእውነተኝነታቸው የሚታወቁ ሶሓባ ናቸው! ደግነት ብቻውን ለሹመት አይበቃም።

ታማኝነት፦ ቀድሞ በቦርዱ ከነበረ፣ ምን ብሎ ድምፅ ሰጠ? የቦርዱ ስብሰባ በኢንተርኔት ይተላለፋል፣ ተመልከቱ። መስጂድ መጥቶ የሚናገረውና ሌላ ቦታ የሚናገረው አንድ ነው?

ስሙ ሙሐመድ ስለሆነ ብቻ አትምረጡ፤ ስላልሆነም ብቻ አትለፉ። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ኒሳእ በራሳችን፣ በወላጆቻችንና በዘመዶቻችን ላይ ቢሆንም እንኳ ለፍትሕ እንድንቆም አዞናል።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ የቤት ሥራ አለ። ወረቀቱን ከመክፈታችሁ በፊት እናታችሁን ጠይቋት፦ «እማዬ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ የሚያስጨንቅሽ ምንድን ነው?» መልሷ ያስገርማችኋል። አንዷ ልጇ ለዓመታት ከእንግሊዝኛ ቋንቋ ድጋፍ ክፍል አለመውጣቱ ነው የሚያስጨንቃት። ሌላዋ ከመምህሩ ጋር ስታወራ የሚያስተረጉምላት ያው ስለ እሱ የተጠራችበት ልጅ መሆኑ ነው። ሌላዋ ሽንት ቤት ውስጥ ያለው ድብድብ፣ ሌላዋ የዙህር ሶላት ቦታ። የማኅበረሰባችን ጥያቄ ይህ ነው። ተወዳዳሪውን ስታገኙት የእናታችሁን ጥያቄ ጠይቁት። የጎረቤታችሁ ልጅ ሙስሊም ባይሆንም እሷም ይኸው ጭንቀት አለባት፤ መልካሙ ለሁሉም ነው።

ግሪን ካርድ ብቻ ያላችሁ ለዚህ ቦርድ ድምፅ አትሰጡም፤ ተሳስታችሁም እንዳትሞክሩ። ስብሰባ ላይ መናገርና ደብዳቤ መጻፍ ግን ለሁሉም ክፍት ነው። እናንተ ተማሪዎች ደግሞ፦ ከቦርዱ ስምንት አባላት አንዱ ተማሪ ነው፣ በበጀት ላይ ጭምር ድምፅ አለው። የሚመርጡት የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ራሳቸው ናቸው፣ በየዓመቱ። ያንን ቀን በቀልድ አታሳልፉት። አገር ቤትና ሌላም ቦታ ያላችሁ፣ የወላጅ ኮሚቴ ሲመረጥ አማናው ያው ነው።

ያንን ወጣት ምን አልከው ትሉኝ ይሆናል። ኢስቲግፋር አድርግ፣ ለእናትህም ንገራት አልኩት። ነገራት። «ታዲያ በሚቀጥለው አብረን እናነባለን» አለችው። እኔ የማንንም ተወዳዳሪ ስም አልጠራላችሁም። እናታችሁ ያለችውን ግን እደግመዋለሁ፦ አብራችሁ አንብቡ።

አላህ ሆይ! ባላየነው ከመመስከር ጠብቀን። በልጆቻችን ጉዳይ ላይ ጠንካራና ታማኝ ሰዎችን አድርግልን። የእናቶቻችንን ሐቅ ከሚወጡት አድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ጁሙዓ ሙባረክ!